በኪላንጋ ሰማያዊ መሆን

ቫልማ ትራንተር አንድም ቀን ምርጫ አሸንፋ አታውቅም። የሚሸነፈው ፓርቲዋ ነው እንጂ እሷ ተወዳድራ አታውቅም፤ በር ላይ ቆሞ ወረቀት ለሚያድል ሰው ግን ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም። ፓርቲዋ ሰማያዊዎቹ ናቸው። ሰማያዊዎቹ ሲድኒ ላይ መንግሥት ሲሆኑ ሲወርዱ ኖረዋል፤ አሁንም መንግሥት ናቸው። በሐይቅ ዳሯ ትንሽ ከተማ በኪላንጋ ግን ብረት ማቅለጫው ሲተከል የምክር ቤቱ ወንበር የተፎካካሪዎቻቸው የቀዮቹ ነበር፤ ማቅለጫው ተዘግቶ ጭስ ማውጫው ከፈረሰ በኋላም የቀዮቹ ነው። ሌላ ቦታ አባት ለልጁ ቤት ያወርሳል፤ ኪላንጋ ላይ ከቤቱ ጋር ቀይነቱንም ያወርሳል። ቀዮቹ ባዶ ጆንያ ቢያቆሙ ጆንያው ምክር ቤት ይገባል ይባላል። ክፉዎቹ ደግሞ ሁለት ጊዜ ገብቷል ይላሉ።

ታዲያ ቫልማ እዚያ ተወልዳ እዚያ አድጋ በምን ሰማያዊ ሆነች? በእልህ ነው። ገና ወጣት ሙሽራ ሳለች ዋናው መንገድ ላይ የሴቶች ፀጉር ቤት ልትከፍት ማዘጋጃ ቤት ሄደች። ማዘጋጃ ቤቱ ያኔም በቀዮቹ እጅ ነበር። ጸሐፊው ከእግር እስከ ራሷ አያትና "ባልሽ መጥቶ ይፈርም" አላት። ባሏ ኪት ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ ስለ ፀጉር የሚያውቀው የራሱ እየሳሳ መምጣቱን ብቻ ነው። ቫልማ ከዚያ እንደወጣች ቤቷ እንኳ ሳትደርስ ሰማያዊዎቹ ዘንድ ሄዳ ተመዘገበች። እውነቱን ለመናገር ሰማያዊዎቹም "ባልሽስ?" ብለዋት ነበር፤ እነሱ ግን ቢያንስ ወንበር ስበው ካስቀመጧት በኋላ ነው። እልሁ በዓመቱ በረደ፤ ሰማያዊነቱ ግን እንደያዛት ቀረ።

ፀጉር ቤቷ ውስጥ ፖለቲካ አይነሳም። "መቀስ ይዤ ስለ መንግሥት አላወራም፤ የሰው ጆሮ ይቆረጣል" ትል ነበር። የማቅለጫውን ክሬን ነጂም የሠራተኛ ማኅበሩን ሊቀ መንበርም ሚስት ፀጉር ጠቅልላለች፤ የሠርግም የለቅሶም ፀጉር ሠርታለች፤ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ወንበሩ ላይ ለተቀመጠች ሁሉ መጀመሪያ የምትጠይቀው ያንኑ ነበር፦ "እንዴት ይሁንልሽ?" ከዚያ በቀር ሴቶቹ ያወራሉ፣ እሷ ትሰማለች።

የምርጫ ቅዳሜ ሲመጣ ግን ቫልማ ሌላ ሰው ናት። በጠዋት ሰማያዊ ካፖርቷን ለብሳ፣ ሰማያዊ ጃንጥላዋንና ታጣፊ ወንበሯን ይዛ ድምፅ የሚሰጥበት ትምህርት ቤት በር ላይ ትገኛለች። መምረጥ ግዴታ ነው፤ የቀረ ይቀጣል። መራጩም ዕጩዎቹን አንደኛ፣ ሁለተኛ እያለ በቁጥር ይደረድራል። ስለዚህ ከተማው በሙሉ በዚያ በር ያልፋል። በበሩ በቀኝ በኩል ቫልማ "የኛን ሰው አንደኛ አድርጉ፣ የቀሩትንም በዚህ ተራ ቁጥር ስጡ" የሚለውን ሰማያዊ ወረቀቷን ታድላለች፤ በግራ በኩል ዴስ ኩዊሊጋን ቀዩን ያድላል። ዴስ የማቅለጫው ክሬን ነጂ የነበረ፣ ትከሻው እንደ በር የሰፋ፣ ድምፁ ከሐይቁ ማዶ የሚሰማ ሰው ነው። ከአርባ ዓመት በላይ ፊት ለፊት ቆመው ተሰዳድበዋል፤ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ በአንድ ጃንጥላ ሥር ተጠልለዋል።

የኪላንጋ ሰው የዴስን ወረቀት ይቀበልና ጎረቤት እንዲያየው ከፍ አድርጎ ይዞ ይገባል። ጨዋ የሆነው የቫልማንም ይቀበላል። የሷ ወረቀት መጨረሻው በሩ አጠገብ ያለው ቅርጫት ነው፤ ረፋድ ላይ ቫልማ ወደ ቅርጫቱ ጎንበስ ብላ ያልተጨማደደውን ትመርጥና መልሳ ታድለዋለች። ይህን ስታደርግ ዴስ ሳይሳደብ ቀርቶ አያውቅም።

"አንቺ ሴትዮ፣ ከቆሻሻ ውስጥ ነው እንዴ መንግሥት የምታወጪው?"

"ያንተን ሰውዬ ከየት እንዳወጣችሁት ስለማውቅ ነው፤ ቦታውን ላየው ብዬ!"

የተማሪ ወላጆች ለትምህርት ቤቱ ገንዘብ ለማሰባሰብ የሚጠብሱት ቋሊማ መሽተት ሲጀምር የዴስ ሚስት ኖሪን ፔርሙዝ ይዛ ትመጣለች። ኖሪን ቀጭን፣ ቁጥብ፣ ከአፏ ቃል በግድ የሚወጣ ሴት ናት። ሁልጊዜ መጀመሪያ የምትቀዳው ለቫልማ ነው፤ ዴስ ሁለተኛ ነው። ዴስ ሁልጊዜ "ባልሽ እኔ ነኝ እኮ!" ይላል፤ እሷም ሁልጊዜ "እንግዳ ይቀድማል" ትላለች። ከዚያ ከዴስ እጅ ቀዩን ወረቀት ተቀብላ፣ አጣጥፋ ኪሷ ከታ ወደ ውስጥ ትገባለች። ቫልማ ሻይዋን ፉት እያለች "ከዚህ ሁሉ ቀይ ውስጥ አንዷ እንኳ ጨዋ ናት" ብላ ታስባለች። ማታ ፓርቲዋ ይሸነፋል፤ እሷ ግን እንቅልፍ አታጣም። ኪት ሲሞት ቀብሩን ያስተባበረው ዴስ ነው። ሕይወቷ ጥሩ ሕይወት ነበር፤ ቢጠይቋትም እንዲሁ ነው የምትለው።

እንዲህ ሲኖሩ ሳለ የኪላንጋው የምክር ቤት አባል የሥራ ዘመኑን ሳይጨርስ ወንበሩን ለቀቀ። ሲድኒ የተሻለ ሥራ ተገኝቶለት ነው፤ ለመሰናበት እንኳ ብዙ ጊዜ አላገኘም። ለአንድ ወንበር ብቻ ምርጫ ተጠራ፤ ያውም በክረምት። ቫልማ በማግስቱ ጃንጥላዋን ከጓዳ አውጥታ የዛገውን ዘንግ ዘይት ቀባች።

የሰማያዊዎቹ የኪላንጋ ቅርንጫፍ ስድስት ሰው ነው፤ አንደኛው አይሰማም። የሚሰበሰቡት ሽማግሌዎች ኳስ የሚያንከባልሉበት ክበብ የኋላ ክፍል ውስጥ ነው። በዚያ ሳምንት ግን ሰባተኛ ሰው መጣ፤ ከሲድኒ፣ ከዋናው ጽሕፈት ቤት። ሀሚሽ ይባላል፤ ልጅ እግር፣ ንጹሕ፣ ጫማው የሚያበራ። ቫልማ የተጠራችው ዕጩ ለመምረጥ መስሏት ኬክ ጋግራ ነበር የሄደችው።

"በቀጥታ ልንገራችሁ" አለ ሀሚሽ ኬኩን ከቀመሰ በኋላ። "በዚህኛው አንወዳደርም።"

የቅርንጫፉ ሰብሳቢ ሊንዚ፣ ጡረተኛው ባንክ ቤት ሠራተኛ፣ ለማይሰማው ሰውዬ በጆሮው ጮኸበት፦ "አንወዳደርም ነው የሚለው!"

"ከማን ጋር?" አለ የማይሰማው።

"ለምን?" አለች ቫልማ።

ልጁ አልተቆጣም፤ አልዋሸምም። ምክንያቱን አንድ በአንድ አስረዳ። መንግሥት የሆነ ፓርቲ በማያሸንፍበት ቦታ ገብቶ ሲዘረር ጋዜጣው በማግስቱ "መንግሥት ተቀጣ" ብሎ ይጽፋል። ጉልበቱ ለሚያሻማ ወንበር መቀመጥ አለበት። እኛ ከሌለን ደግሞ ቀዮቹ የሚጣሉት ሰው ያጣሉ፣ እርስ በርሳቸው ይባላሉ። ቫልማ እያዳመጠች አንዱም ሐሰት እንዳልሆነ ገባት፤ ይህ ደግሞ የባሰ አናደዳት።

"ልጄ፣ የኪላንጋ ራግቢ ቡድን ዘንድሮ ስንተኛ ነው?" አለችው።

"አላውቅም።"

"መጨረሻ ነው። አምናም መጨረሻ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ማሊያውን ለብሶ ሜዳ ይወጣል። እንሸነፋለን ብሎ ቤቱ የተኛ ቀን ቡድን መሆኑ ይቀራል።"

"ደጋፊ አለው እኮ ወይዘሮ ትራንተር። ለደጋፊው ሲል ይወጣል።"

"እኛስ? በየምርጫው ሰማያዊውን አንደኛ የሚያደርግ ሰው እኮ አለ፤ ሳጥኑ ሲቆጠር ይታያል። ቅዳሜ ያን ሰው መንግሥት በግድ ይጠራዋል፤ ካልመጣ ይቀጣዋል። መጥቶ ወረቀቱን ሲያይ የሱ የሚለው ስም የለም። በግድ ጠርቶ እራት የማያቀርብ ምን ይባላል?"

ሊንዚ ጠረጴዛውን መታ፤ የማይሰማውም ምን እንደሆነ ባያውቅም መታ። ሀሚሽ ሹካውን አስቀመጠ። መልካም ልጅ ነው፤ የጠየቀውም ሊያዋርዳት ብሎ አልነበረም።

"ይህን ያህል ዘመን እዚያ በር ላይ ቆመዋል" አለ። "ሁላችንም እናከብርዎታለን። ግን አንድ ሰው ይጥሩልኝ። በወረቀትዎ ምክንያት ወደኛ የመጣ፣ ወይም ዘንድሮ ስማችን ባይኖር የሚጎዳ፤ እዚህ ከተቀመጣችሁት ውጪ። አንድ ሰው፣ በስሙ።"

ቫልማ አፏን ከፈተች። ፀጉር ቤቷን የሞሉት ፊቶች በዓይነ ኅሊናዋ አለፉ፤ ሁሉም ቀዩን ወረቀት ከፍ አድርገው ይዘዋል። ቅርጫቱም ትዝ አላት። "ድምፅ ምስጢር ነው" አለች፤ መልስ አለመሆኑን ራሷም ታውቃለች። ሀሚሽ ዓይኑን ዝቅ አደረገ። ሲወጡ የኬኩን ሣህን መኪናዋ ድረስ ተሸከመላት፤ ስልክ ቁጥሩንም ሰጣት። እንዲህ ያለውን ሰው መጥላት እንኳ አይቻልም።

ያን ሰሞን ቫልማ ሆዷ ባባ። ሽንፈት አዲስ ነገር ሆኖባት አይደለም፤ ሽንፈትን እንደ ክረምት ለምዳዋለች። ያልለመደችው ጥያቄውን ነው። አንድ ሰው መጥራት ካልቻለች ያ ሁሉ ቅዳሜ ምን ነበር? ከቅርጫት ወረቀት የምትለቅም አሮጊት ነበረች ማለት ነው? ኪት ቢኖር "ነፋስ ስትከተዪ ኖርሽ" ብሎ ይስቅባት ነበር። እሱ የለም፤ የሚስቅባትም ጠፋ።

ዴስ ወሬውን የሰማ ዕለት በጓሮ በኩል መጣ፤ በጋዜጣ የተጠቀለለ ዓሣ ይዞ። ቫልማ ሊያላግጥባት እንደመጣ ጠርጥራ ቀደመችው።

"በል እንኳን ደስ አለህ። ሜዳው ያንተ ነው።"

"የምን ደስታ?" ዓሣውን ዕቃ ማጠቢያው ላይ ወረወረው። "ምን ሆናችሁ ነው? ፈራችሁ እንዴ?"

"ለማይያዝ ዓሣ መረብ አንጥልም ነው የሚሉት ሲድኒ ያሉት።"

"የኔዎቹስ ሲድኒ ያሉት ምን እንዳደረጉ ታውቂያለሽ? ሰማያዊ የለም ሲባል ጊዜ ዕጩ ናት ብለው አንዲት ልጅ ላኩብን። ማክሰኞ መጣች፣ ወደቡ ላይ ፎቶ ተነሳች፣ 'ኪንላጋ ደስ ትላለች' ብላ ሄደች። ኪንላጋ! የሆስፒታሉ ማዋለጃ ክፍል ከተዘጋ ወዲህ ሴቶቻችን መንገድ ላይ ሊወልዱ ነው፤ ስለሱ ላናግራት ብል መኪናዋ ውስጥ ገብታለች። የሚፎካከራት ሲኖር እኮ ቢያንስ ምሳ ትበላ ነበር!"

"ታዲያ ለሌላ ሰው ድምፅህን ስጣ።"

"አፍሽን ታጠቢ!" አለ ዴስ ከልቡ ደንግጦ። ትንሽ ቆይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ለምን በግልሽ አትወዳደሪም? ስምሽ ብቻ ይግባ። እፈርምልሻለሁ።"

"በግል የገባ አባል ይባረራል። ይህን ሁሉ ዘመን ስሸነፍለት የኖርኩትን ቤት በስተርጅና ጥዬ አልወጣም።"

"በዚያ ላይ ላም አለኝ በሰማይ ነው የናንተ ነገር፤ ወተቱን ያየ የለም" አለ ዴስ፤ ሊያስቃት ነበር። እንዳልሳቀች ሲያይ ባርኔጣውን አነሳ። "እና ቅዳሜ በሩ ላይ ከማን ጋር ልሰዳደብ ነው? ኖሪን እንደሁ ሰሞኑን ኩርፊያ ይዛለች፤ ድስት እየወረወረች ነው የምታስቀምጠው። የጣሪያውን ቦይ አልጠረግክም ብላ ይመስለኛል።"

ቅዳሜ ጠዋት ቫልማ መርጣ ልትመለስ ነበር ሐሳቧ። ግን ሰውነት የለመደውን አይረሳም፤ ሰማያዊ ካፖርቷን ለብሳ፣ ወንበሯንና ጃንጥላዋን ይዛ በር ላይ ራሷን አገኘችው። የሚታደል ወረቀት የላትም። ዴስ ሲያያት ፊቱ በራ፤ ሊሰውረው ሞከረ እንጂ።

"ባዶ እጅሽን ምን ልትሠሪ መጣሽ?"

"ያንተን ወረቀት የሚጥል ካለ ቅርጫቱ እንዳይሞላ ላግዝ ነው።"

ውስጥ ገብታ መረጠች። ወረቀቱ ላይ ከሲድኒ የመጣችው የቀዮቹ ልጅ፣ ዛፍ እንዳይቆረጥ የሚሉት ሰዎች፣ ከነሱ በታች ደግሞ ጠመንጃ ለሁሉም ይፈቀድ የሚል ጺማም ሰውዬ ነበሩ። ቫልማ እርሳሷን ይዛ ብዙ ቆመች። በመጨረሻ ዛፎቹን አንደኛ አደረገች፤ ዛፍ ቢያንስ ወደ ሲድኒ አይሄድም ብላ።

ተመልሳ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ አጥንት ይሰብራል። መጀመሪያ የመጣው ጡረተኛው የአውቶቡስ ነጂ ነው፤ የዴስን ወረቀት እንደወትሮው ከፍ አድርጎ ይዟል። አጠገቧ ሲደርስ የጫማውን ክር የሚያስር መስሎ ጎንበስ አለና፦

"ቫልማ፣ የኛስ?" አላት በሹክሹክታ።

"የእናንተ? በእጅህ ይዘኸዋል እኮ።"

"ይሄማ ለሰው ዓይን ነው።" ክሩን አጥብቆ ተነሳና ሄደ።

ቫልማ ጆሮዋን አላመነችም። ከሱ በኋላ ዳቦ ቤት ያለችው ሴት መጣች፤ ዝም ብላ ባዶ እጇን እያየች ራሷን ነቀነቀች፣ ዓይኗ ውስጥ ወቀሳ ነበረበት። ከዚያ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ሚስት የነበረችው መበለት፣ ያቺ በየምርጫው በቀይ ሻርፕ የምትመጣው፣ "ጉድ ሠራሽን" ብላት አለፈች። ይህን ሁሉ ዘመን በዚህ በር እንደ እንግዳ የሚያልፏት ሰዎች ናቸው።

የቋሊማው ሽታ ሲመጣ ኖሪን ፔርሙዟን ይዛ መጣች። ኩባያ አወጣች፣ ቀዳች፣ ለዴስ ሰጠችው። ክዳኑን መልሳ አጠበቀችው።

ዴስ ኩባያውን ይዞ ግራ ገባው። "ለሷስ?"

"ለሷ የለም።"

"ኖሪን፣ ምን አደረግኩሽ?" አለች ቫልማ። ከወንበሯ ተነስታ ነበር።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። የኖሪን ዝምታ ግን ሞልቶ ፈሰሰ፤ ያውም ሰልፉ ሁሉ በሚሰማበት ቦታ።

"ምን አላደረግሽኝም! የመጀመሪያ ልጄን ካረገዝኩበት ጊዜ ጀምሮ የናንተን ስም አንደኛ ሳደርግ ኖርኩ። ዝናብ አልልም፣ እሳት አልልም። ዛሬ ምን ልጻፍበት? ጠመንጃ? ዛፍ? ያቺን የከተማችንን ስም እንኳ የማታውቅ ልጅ? እናንተ ሲድኒ ቁጭ ብላችሁ ኪላንጋ ሰው የለም አላችሁ። እኔ ሰው አይደለሁም?"

ሰልፉ ክው አለ። ቋሊማ የሚጠብሰው አባት መቆንጠጫውን አየር ላይ እንደያዘ ቀረ።

"አንቺ?" አለ ዴስ። "ሰማያዊ? ከ... ከመቼ?"

"ከመጀመሪያው።"

"ወረቀቴን ግን ትወስጂ ነበር! በየጊዜው! በእጄ ነው የምሰጥሽ!"

"ስትሰጠኝ ምን ላድርግ? ባሌ የሰጠኝን ልጣል?"

አንድ ነገር ትዝ ሲለው የዴስ ፊት ተለዋወጠ፤ ከብዙ ዓመት በፊት እሱ ራሱ ለማዘጋጃ ቤት ተወዳድሮ ለጥቂት ተሸንፏል።

"ቆይ ኖሪን፣ እኔ የተወዳደርኩ ጊዜስ?"

ኖሪን ፔርሙዙን አየች። "ሻይህ ይቀዘቅዛል" አለች።

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። ቫልማ ግን አልሳቀችም።

"ለምን ኖሪን? እኔ አንድም ቀን ስለ ፖለቲካ አላወራሁሽም።"

"አዎ፤ አላወራሽኝም።" የኖሪን ድምፅ ወደ ወትሮው ተመለሰ፤ ለመስማት መጠጋት ያስፈልጋል። "አባቴ ማንን እንደምመርጥ ነገረኝ። ማኅበሩ ነገረኝ። ይሄ ባሌም ነገረኝ፤ ያውም እየጮኸ። እኔ ፀጉር ቤትሽ የገባሁ ቀን ገና ልጅ ነበርኩ፤ 'እንዴት ይሁንልሽ?' አልሽኝ። ያን እስከዚያ ቀን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ቅዳሜ በር ላይ ሳይሽ፣ ይቺ ሴትዮ ያለችበት ነገር ለኔ ይበቃኛል አልኩ። ለመንግሥታችሁ ግድም የለኝ።"

ከዚያ ወደ ውስጥ ገባች። ስትወጣ "ባዶውን አጥፌ ከተትኩት" ብላ ፔርሙዟን ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች፤ ወደ ኋላም አላየችም።

ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ዴስ ወረቀቱን ያለ ጩኸት ሲያድል ዋለ። በሩ ሲዘጋ ወንበሮቹን አጣጠፉ። ቫልማ ሊቆጣ ነው ብላ ሠግታ ነበር።

"ታውቂ ነበር?" አላት።

"በኪት አጥንት አላውቅም። ሻዩን መጀመሪያ ለኔ ስትቀዳ እንግዳ ማክበሯ ነበር የሚመስለኝ።"

"ሁለት መንገድ አልፈሽ የተወለድሽ ምን እንግዳ ነሽ!" ዴስ ድንጋዩ አጥር ላይ ተቀመጠና ሆዱ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ፤ ስቆ ስቆ ዓይኑን ጠረገ። "ቤቴ ውስጥ፣ አልጋዬ ላይ፣ ሰማያዊ! እኔ ደግሞ ወተቱን ያየ የለም እላለሁ።" ከዚያ ኮስተር አለ። "የዚያን የሲድኒ ልጅ ስልክ ቁጥር አምጪ።"

"ምን ልትለው?"

"አምጪ አልኩሽ!"

ሀሚሽ ወዲያው አነሳ። ዴስ ስልኩን ከአፉ አርቆ እንደ ክሬን ነጂ ጮኸበት፦

"አንተ ልጅ! ዴስ ኩዊሊጋን እባላለሁ፤ ከእናቴ ማሕፀን ጀምሮ ቀይ ነኝ፣ ቀይ ሆኜ ነው የምቀበረው። ቫልማን አንድ ሰው በስሙ ጥሪልኝ ብለሃታል አሉ። ጻፍ! ስሟ ኖሪን ይባላል። ሚስቴ ናት። ዛሬ የምትመርጠው አጥታ ባዶ ወረቀት ከትታ ወጣች። በሚቀጥለው ምርጫ ሰው ካላቆማችሁ እዚያው ሲድኒ መጥቼ አፍንጫህን ይዤ አቆምሃለሁ! ሰማህ?" ስልኩን ለቫልማ መለሰላት። "እፎይ" አለ።

ቫልማ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ጠበቀች። ሀሚሽ "ወይዘሮ ትራንተር፣ አንድ ሰው በስሙ ጠርተዋል" ሲል ትንሽ የሳቀ መሰላት። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ወደ ቤቷ ስትሄድ ጃንጥላዋን ዘርግታ ነው፤ ዝናብም ፀሐይም አልነበረም።

ቀዮቹ ያን ቀን እንደልማዳቸው አሸነፉ። ግን ብዙ ሰው ባዶ ወረቀት ስለከተተ ሲድኒ ላይ ሁለቱም ፓርቲዎች የኪላንጋን ሰው ምን ነካው አሉ። ልጅቷም ምክር ቤት ከመግባቷ በፊት ተመልሳ መጥታ የከተማውን ስም አስተካክላ ጠራች፤ ከዴስ ጋር ምሳ በላች፤ ስለ ማዋለጃውም እስኪበቃት ሰማች።

በመጋቢት ትልቁ ምርጫ ሲመጣ ሰማያዊዎቹ ኪላንጋ ላይ ዕጩ አቆሙ። ከሲድኒ ሊመጣ የፈቀደ ሰው ስላልተገኘ የቆመችው ራሷ ቫልማ ናት። "ልሸነፍ ከሆነ ሥራውን የማውቀው እኔ ነኝ" አለቻቸው። በየቤቱ በር እየዞረች አንኳኳች፤ ሰው ሲከፍትላት ስለ ፓርቲዋ ከመናገሯ በፊት ምን እንደሚፈልግ ትጠይቃለች፤ የለመደችው ጥያቄ ነው።

የምርጫው ጠዋት ዴስ በግራ በኩል ቦታውን ያዘ። በቀኝ በኩል የቫልማ ስም ያለበትን ሰማያዊ ወረቀት ይዛ የቆመችው ኖሪን ናት፤ እንደልማዷ ቃል አትናገርም፣ ወረቀቱን ብቻ ትዘረጋለች። የአውቶቡሱ ነጂ ሁለቱንም ተቀበለና ሰማያዊውን ከላይ አድርጎ ገባ።

"አሁንም ትሸነፊያለሽ" አለ ዴስ ወደ ቫልማ ዞሮ።

"አውቃለሁ።"

"እኔም አልመርጥሽም።"

"ብትመርጠኝ ነበር የማፍረው።"

ኖሪን ወረቀቶቿን ብብቷ ሥር አድርጋ ፔርሙዙን ከፈተች። ዴስ ኩባያውን ዘረጋ፤ እሷ በእጁ አልፋ የመጀመሪያውን ለቫልማ ቀዳች።

"ባልሽ እኔ ነኝ እኮ!" አለ ዴስ።

"ዕጩ ይቀድማል" አለች ኖሪን።